ጭቃ የነካቸው መጽሐፎች

ሞቃትና ደረቅ ቦታ ላይ የሆነ ነገር ልትተክሉ ካሰባችሁ፣ እኔ የምመክራችሁ መጽሐፍ ሽፋን የለውም። ርዕሱንም አላውቀውም። የመጀመሪያዎቹ አስራ ሁለት ገጾች ስለሌሉ ከገጽ አስራ ሦስት ነው የሚጀምረው፣ እሱም ከዓረፍተ ነገር መሀል፦ «...እንግዲህ ውሃውን ከመድፋትህ በፊት ጣትህን አፈሩ ውስጥ ክተት» ይላል። በቃ ከዚህ የሚያምር አጀማመር አይቼ አላውቅም። ይሄን መጽሐፍ እኮ አቅፌው ተኝቼ አውቃለሁ፣ አንሶላዬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እማዬ ጉድ አፍልታለች። ግን ቆይ፣ ከመጨረሻው ጀመርኩ። እማዬ ሁሌ «አንቺ ወሬ ስታወሪ ላሟን በጅራቷ ጎትተሽ ነው የምታስገቢያት» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው። እሺ፣ ከሎሚዋ ልጀምር።

ጓሯችን ውስጥ አንዲት የሎሚ ዛፍ አለች። እኔ በተወለድኩ ሰሞን አባዬ ነው የተከላት፣ ስለዚህ እኩያዬ ናት፣ አስራ ስድስት ሞልቷታል። አባዬ የተሳቢ ሹፌር ነው። አንዴ ከወጣ ሁለት ወርም ሦስት ወርም ይቆያል። ከመንገድ ሲደውል እማዬን ስለ ወገቧ ይጠይቃታል፣ እኔን ስለ ትምህርቴ ይጠይቀኛል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህትሽስ?» ይላል። እህትሽ የሚላት ሎሚዋን ነው። ሲመለስ ደግሞ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ቀጥ ብሎ ጓሮ ይገባና አንድ ቅጠል ቀንጥሶ፣ በጣቶቹ ጨፍልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል። እሱን ካላሸተተ ቤቱ የገባ አይመስለውም። እማዬ በሩ ላይ ቆማ «እኔም አንድ ቀን ቅጠል ሳላወጣ አይቀርም» ትላለች።

እንግዲህ ይቺን ሎሚ ነው እኔ ልገድላት የነበረው። በመጽሐፍ።

ነገሩ የመጣው ከሽልማት ነው። ትምህርት ቤታችን የንባብ ውድድር አድርጎ አንደኛ ወጣሁ (አዎ፣ አንደኛ፣ ዝም ብዬ ልለፈው እንዴ?) እና አንድ ትልቅ የአትክልት መጽሐፍ ተሸለምኩ። ከቀዝቃዛ አገር ቋንቋ የተተረጎመ ነው። ወረቀቱ ያብለጨልጫል፣ ገጾቹ እንደ አዲስ ጫማ ይሸታሉ፣ ፎቶዎቹ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ሹራብ ለብሰው ጎመን ይዘው ይስቃሉ። በየወሩ ምን መሥራት እንዳለባችሁ በተራ ይነግራችኋል። እኔ ደግሞ አባዬ ከሄደ ገና ሳምንቱ ነበር፣ እና ድንገት ታየኝ፤ ሎሚዋን እንዲህ አድርጌ ተንከባክቤያት፣ ሰማይ አስነክቻት፣ ሲመለስ አፉን ከፍቶ ሲቀር።

እስከዚያ ቀን ድረስ እኮ ሎሚዋን ማንም አይነካትም ነበር። እማዬ በሳምንት አንዴ ልብስ ያለቀለቀችበትን ውሃ ትደፋላታለች፣ አለቀ። እኔ ግን መጽሐፉ «በየዕለቱ አጠጣ» ሲል ጧትና ማታ ሁለት ሁለት ባልዲ። «ፍግ አትሰስት» ሲል ከከብት አርቢው ቤት በጆንያ ተሸክሜ አምጥቼ ግንዷን እስከ ጉልበቷ ድረስ ቀበርኳት። ከዚያ «የዓመቱ የመጀመሪያ ወር» የሚለው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ፦ «ዛፎችህን ከውርጭ ለማዳን ግንዳቸውን በወፍራም ነገር ጠቅልል።»

እዚህ ጋ እንዳትስቁብኝ። እኛ ጋ የዓመቱ የመጀመሪያ ወር ማለት አስፋልቱ ጫማ የሚይዝበት ወር ነው። ድመቶች እንኳ ከጥላ ወደ ጥላ በሩጫ ነው የሚሻገሩት። ውርጭ የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ግን አላየሁትም ማለት አይመጣም ማለት ነው? የታተመ ነገር እኮ ነው፣ ሰው ጽፎት፣ ሌላ ሰው ተርጉሞት፣ ሌላ ሰው አርሞት። ስለዚህ ቁም ሳጥን ከፈትኩና የእማዬን የእንግዳ ብርድ ልብስ፣ ያቺን ማንም እንዳይነካት የተባለችዋን ወይን ጠጇን አውጥቼ ሎሚዋን ከታች እስከ ላይ ጠቀለልኳት። እንዳይፈታም በእማዬ የልብስ መለኪያ ሜትር አሰርኩት። ሳጠጣት ደግሞ ብርድ ልብሱንም አብሬ አጠጣሁት።

እማዬ ምን ትሠራ ነበር ትሉኝ ይሆናል። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፣ ያን ጊዜ የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይዛ ፊት ለፊት ያለችው ክፍል ውስጥ እስከ አንገቷ በሰማያዊ ጨርቅ ተቀብራለች። የስፌት መኪናው ከጧት እስከ ማታ ዝም አይልም፣ ጓሮ የመሄድ ጊዜ የላትም። ሜትሯን ስትፈልግ እንኳ «ሰይጣን ወሰደው» ብላ በክር መለካት ጀመረች። እኔ ዝም።

በዘጠነኛው ቀን ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ። ቢጫ ሲሆኑ የጠማት መሰለኝና ሦስተኛ ባልዲ ጨመርኩ። ከዚያ መርገፍ ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ከዚያ እንደ ዝናብ። አባዬ የደወለ ዕለት ስልኩን ይዤ ጓሮ ቆሜያለሁ፣ «እህትሽስ?» አለ፣ እኔም «ደህና ናት» አልኩ፣ እና እላችኋለሁ፣ ያቺን ቃል ስናገር አንድ ቅጠል እግሬ ላይ ጠብ አለ። አባዬ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደሚመለስ፣ መንገዱ ሙቀት ብቻ እንደሆነ፣ የሎሚዋ ሽታ በአፍንጫው ላይ እንዳለ ነገረኝ። ስድስት ሳምንት። ሰውዬው ሁለት ወር ሙሉ የሚያስባት አንዲት ቅጠል፣ እኔ በመጥረጊያ እየጠረግኩ ቆሻሻ ውስጥ እጨምራታለሁ።

እማዬ በማግስቱ ዩኒፎርም ልታሰጣ ጓሮ ወጣችና አየችን። እኔን፣ ሎሚዋን፣ ብርድ ልብሷን፣ ሜትሯን። መቼም ትጮሃለች ብዬ ጆሮዬን ይዣለሁ። እሷ ግን ቀረብ ብላ እጇን ግንዱ ላይ፣ ልክ ሕፃን ልጅ እንደሚነካ አድርጋ ጫን አደረገችና «ትኩሳት አላት?» አለች። ከዚያ ባልዲውን አንስታ ይዛው ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልዲው ጠፋ። ቤቱን ገለበጥኩት፣ የለም። ብጠይቃትም መርፌ ጥርሷ ውስጥ ይዛ ትከሻዋን ብቻ ትነቀንቃለች። ቅጣት መሰለኝ።

ባልዲ ሲጠፋ እንግዲህ ላይብረሪ ሄድኩ።

ላይብረሪያችን ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለች ሁለት ክፍል ናት። ጣሪያው ላይ ያለው ቬንትሌተር በዞረ ቁጥር «ቋ» ይላል፣ በሦስተኛው ቋ ላይ ትንሽ ያርፋል። መጽሐፍ የሚያውሱት ሰውዬ ጋሽ ማህተም ይባላሉ። እውነተኛ ስማቸውን ማንም አያውቅም። ማህተም የተባሉት መጽሐፍ ስትዋሱ ማህተሙን ጠረጴዛው እስኪዘል ድረስ ስለሚመቱት ነው። ጆሯቸው ላይ ሁሌ አንዲት ጫፏ የተበላች እርሳስ አለች። መጽሐፍ ላይ የጻፈ ሰው ግን አለቀለት፤ ገጽ ያጠፈ ልጅ ሦስት ሳምንት ታግዶ ያውቃል። ደግሞ አንድ አመል አላቸው። ማንም ሰው መጽሐፍ ሲመልስ «ሞከርከው? ምን ሆነ?» ይላሉ። የሒሳብ መጽሐፍ ቢሆንም፣ የሰዋስው መጽሐፍ ቢሆንም። እኛ ክፍል ውስጥ ማስቲካ ተበዳድረን ስንመላለስ እንኳ በሳቸው ድምፅ «ሞከርሽው? ምን ሆነ?» እየተባባልን እንስቃለን። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ፊታቸው ቆሜ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፣ መሀል ላይ ለቅሶም ገባበት፣ ንፍጥም ገባበት። የሚያብለጨልጨውን መጽሐፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አገላበጡት፣ ገጹን በአውራ ጣታቸው አሹት፣ ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት። ሐኪም የራጅ ፊልም እንደሚያይ።

«ንጹሕ ነው» አሉ በሐዘን።

መልካም ነገር መስሎኝ በጥንቃቄ እንደያዝኩት ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ የአትክልት መጽሐፍ ንጹሕ ሆኖ ከተመለሰ ወይ አልተነበበም፣ ወይ አልሠራም። ጥሩው መጽሐፍ ውጪ ነው የሚውለው።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛቸው ሥር፣ እግራቸው አጠገብ ካለችው መደርደሪያ ሦስት በጋዜጣ የተጠቀለሉ ነገሮች አወጡ። ዳቦ ነበር የመሰለኝ። መጽሐፎች ናቸው! ጭቃ የጠጡ፣ ያበጡ፣ ጥጋቸው የተበላ። አንዱ ሽፋን የለውም፤ እሱ ስለ አፈርና ስለ ውሃ ነው። ሁለተኛው ውሃ ውስጥ ወድቆ የደረቀ ስለሆነ እንደ ትራስ አብጧል፤ እሱ ስለ ፀሐይና ስለ ጥላ ነው። ሦስተኛው ኪስ ውስጥ የሚገባ ትንሽዬ ነው፣ በትንሽ ውሃ ስለሚኖሩ ዛፎች፣ ስለ ሮማን፣ ስለ በለስ፣ ስለ ሎሚ። ሦስቱንም የጻፏቸው ደረቅ አገር የኖሩ ሰዎች ናቸው። የላይብረሪው ኃላፊ እነዚህ ቆሻሻዎች ይጣሉ ብለው ሦስት ጊዜ አዘዋል፣ ጋሽ ማህተምም ሦስት ጊዜ እሺ ብለዋል። እሺ ብለው ወደ እግራቸው ሥር አስገቧቸው።

ሲሰጡኝ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፤ ሦስቱንም በአንድ ቀን እንዳልሠራባቸው። አንድ አንብቢ፣ አንድ ሥሪ፣ ሳምንት ጠብቂ አሉኝ። እኔን! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው እኮ እኔን አይተው ነው። እሺ አልኳቸው፣ ግን ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም፣ እየሄድኩ አነበብኩ፣ ከአንድ የስልክ እንጨት ጋር ተጋጨሁ፣ ይቅርታም ጠየቅኩት።

አሁን ወደ ጣፋጩ መጣሁ። ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ዳር ዳሩ በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል። ጥቃቅን፣ ወደ ጎን የተዘነበለች ጽሑፍ። ለምሳሌ ስለ ጉዝጓዝ የሚናገረው ገጽ ላይ፣ ማለት አፈሩ ፀሐይ እንዳይመታው ደረቅ ሣርና ቅጠል ስለማልበስ፣ እንዲህ ይላል፦ «አናጢው፦ እስከ ግንዱ ድረስ ጎዘጎዘ። ምስጥ መጣ። ከግንዱ አንድ ክንድ ሲያርቀው ምስጡ ተወው።» ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ፦ «ጡረተኛው፦ ይህ ገጽ ውሸት ነው።» ከሥሩ ደግሞ በሌላ ቀን፦ «ጡረተኛው፦ ውሸት አይደለም። አካፋዬ አጭር ነበር።» አንዱ ላይ፦ «ነርሷ ማታ ማጠጣት ይሻላል አለች። ዳቦ ጋጋሪው ጧት ይሻላል አለ። ተጨቃጨቁ። ሁለቱም ሳያጠጡ ቀሩ።» ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ እማዬ ከስፌት ክፍል መጥታ አየችኝ።

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ አንድ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ ጥርት ያለ፣ መታወቂያ ላይ የሚደረገውን የመሰለ። አጠገቡ፦ «ሹፌሩ፦ ሁለት ሎሚ ገደለ። ሁለቱንም በውሃ። ሦስተኛዋን ሲተክል ሚስቱ ባልዲውን ደበቀችበት። ይኸው አለች።»

እና እኔ ይሄን አንብቤ ምን ብዬ አለፍኩት መሰላችሁ? «እንዴ፣ ሚስቶች ሁሉ ባልዲ ይደብቃሉ ማለት ነው!» ብዬ። መናኸሪያ ጀርባ ያለ ላይብረሪ ነው፣ ከተማው በሹፌር የተሞላ ነው፣ በቃ አለፍኩት። የንባብ ውድድር አንደኛ የወጣሁት እኔ።

ጽሑፉ ሁሉ የአንድ ሰው ነው። አንድ የሰፈር እብድ አናጢም ነርስም ሹፌርም እየሆነ ብቻውን ሲከራከር የኖረ መሰለኝ። እና አሳዘነኝ፣ ወደድኩትም። ጋሽ ማህተም ቢያገኙት ዕድሜ ልኩን እንደሚያግዱት ስለማውቅ፣ አንድ ቀን ጥያቄ ልጠይቃቸው መጽሐፉን ይዤ ስሄድ ጽሑፉን በእጄ ሸፍኜ ነበር ገጹን ያሳየኋቸው። አንድ ጊዜ እጄን አዩት፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩኝ።

ሥራውስ? የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ማንሳት ብቻ ነበር። ብርድ ልብሱን ፈታሁት፤ ከውስጡ የወጣውን ሽታ አልነግራችሁም፣ የረሳችሁትን የስፖርት ካልሲ አስቡ። ፍጉን በእጄ ዛቅኩና ግንዷን ከሥሯ ድረስ አየር አስነካኋት። ከዚያ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ጣትህን ክተት ይላል፣ ከተትኩ፣ እስከ አንጓዬ ድረስ ጭቃ። ታዲያ ምን ላድርግ ብዬ ገጹን ስገልጥ «ጠብቅ» ይላል። በአራተኛው ቀን ከተትኩ፣ ጭቃ። ጠብቅ። በዘጠነኛው ቀን፣ እርጥብ። ጠብቅ። ሰዎች፣ እኔ ሻይ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ። እጄን ቂጤ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ፣ እውነቴን ነው።

በዚህ መሀል የቀሩት ቅጠሎች ሁሉ ረገፉ። መላጣ ሆነች። አለቀሰችም አላለቀሰችም እኔ አለቀስኩላት። ያበጠው መጽሐፍ ግን ይሄንንም ያውቀዋል፤ ቅጠል የሌላት ዛፍ ቆዳዋን ፀሐይ ያቃጥላታል፣ ኖራ በውሃ አቅጥነህ ቀባት፣ ጥላም አብጅላት ይላል። ኖራውን እየቀባሁ ሳለ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ከሰዓት በኋላ ግን የስፌት መኪናው ድምፅ ሌላ ዓይነት ሆነ፣ ረጅም ረጅም። ከዩኒፎርሞቹ የተረፈውን ቁርጥራጭ ሁሉ ገጣጥማ ትልቅ የጥላ ጨርቅ ሰፋችልኝ፤ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ አንድ ቦታ ላይ ኪስም አለው። በአራት እንጨት ወጠርነው። የኪሱ ነገር ምንድነው ብላት «መሐረቧን ትክተትበት» አለችኝ። እኔ እናቴን እንዴት እንደምወዳት ታውቃላችሁ? አታውቁም።

በአስራ አምስተኛው ቀን ጣቴ ደርቆ ወጣ። በሩጫ ገብቼ ለእማዬ አሳየኋት፣ አፈሩ ጥፍሬ ውስጥ እንዳለ። ጣቴን አየችው፣ ተነሳች፣ ሄደች፣ ባልዲውን ከየት እንዳመጣችው ሳላይ ይዛው መጣች። መጽሐፉ እንዳለው ከግንዱ ራቅ ብዬ፣ የቅርንጫፎቿ ጫፍ በሚደርስበት ልክ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሬ ነበር፤ ሥሩ የሚጠጣው እዚያ ነው። ቀስ ብለን አንዴ አጠጣናት፣ እስክትጠግብ፣ ከዚያ በራሷ በረገፈ ቅጠል ጎዘጎዝንላት። ከግንዱ አንድ ክንድ አርቀን፣ አናጢው እግዚአብሔር ይስጠው። ዞር ስል ባልዲው የለም።

ከዚያ ምንም። አራተኛው ሳምንት ምንም። አምስተኛው ሳምንት ምንም። አንዷ ቅርንጫፍ ጠቁራ ሞተች። አባዬ ደውሎ «እህትሽስ?» ሲል መዋሸት አቃተኝና «አንተ ስትመጣ ታያታለህ» አልኩት። «እሺ» አለ። ያቺ «እሺ» ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳችኝ። ትንሿ መጽሐፍ ቅርፊቱን በጥፍርህ ጫር አድርገው፣ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ተስፋ አትቁረጥ ትላለች። ጫርኩ፣ አረንጓዴ። በማግስቱም ልጭር ስል እማዬ «ልጅቷን ልጠሽ ልትጨርሻት ነው?» ብላ መለሰችኝ።

አባዬ የመጣ ቀን ጧት፣ የመጨረሻ ጊዜ ልያት ብዬ ወጣሁ። ግንዷ ሁለት ቦታ የሚከፈልበት ቦታ ላይ አንድ ነገር አለ። የመርፌ ጭንቅላት የምታክል፣ ቀላ ያለች። ነፍሳት መስላኝ እፍ አልኩባት። አልሄደችም። ቡቃያ ናት! አጠገቧ ሌላ። ከጀርባ ሌላ። ስቆጥር ሰባት ደረስኩና ቁጭ አልኩ።

ቢሆንም ቡቃያ ቅጠል አይደለም። የሚሸተት ነገር የለም። የተሳቢው ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ተሰማ። አባዬ ገባ፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ጓሮ። እኔ ከኋላው። እና ቆመ። ነጭ የተቀባች፣ መላጣ፣ ኪስ ያለው ዳስ የተጣለላት ዛፍ ፊት ቆመ። እጁ ቅጠል ሊቀነጥስ ተነስቶ አየር ላይ ቀረ።

ሁሉንም ነገርኩት። ባልዲውን፣ ፍጉን፣ ብርድ ልብሱን፣ «ደህና ናት» ያልኩትን። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ቁጢጥ ብሎ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከተተ፣ እስከ ሁለተኛው አንጓ። አወጣው፣ አየው። ከዚያ ሳይዞር፣

«ባልዲው የት ነው?» አለ።

እማዬ በሩ ላይ ናት። «የድሮው ቦታ» አለችው።

መጀመሪያ ትከሻው ነው የተንቀጠቀጠው። የሚያለቅስ መስሎኝ ልሞት ነበር። እየሳቀ ነው። እማዬም አፏን በጨርቅ ይዛ ትስቃለች፣ ሁለቱም መናገር አቃታቸው፣ እኔ መሀላቸው ክው ብዬ ቀረሁ። ሁለት ሎሚ። ባልዲ። ሚስቱ።

«ሹፌሩ» አልኩ።

አባዬ ዓይኑን እየጠረገ እኔ ከመወለዴ በፊት ሁለት ሎሚ እንደገደለ ነገረኝ፤ ከመንገድ በመጣ ቁጥር ናፍቆቱን በባልዲ እየደፋባቸው። ሦስተኛዋን ሲተክል እኔ የአስር ቀን ልጅ ነበርኩ፣ እማዬ ከአልጋዋ ተነስታ ነው ባልዲውን የደበቀችበት። የት? ከስፌት መኪናው ሥር፣ ዩኒፎርም ጨርቅ ሸፍናበት። ከአስራ ስድስት ዓመት በኋላም እዚያው ቦታ! ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ስላለው አሻራ ስጠይቀው አውራ ጣቱን አየው፣ ያኔም ግሪስ ነበር፣ አሁንም ግሪስ ነው።

«እኔ ግን» አለ፣ «ብርድ ልብስ አላለበስኳትም።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን ወደ ቡቃያዋ አስጠጋ። ሳይነካት። ረጅም ጊዜ ቆየ። ምን ምን ትላለች ስለው «ገና ናት፣ ግን ራሷ ናት» አለኝ። ከዚያ ቤቱ ገባ።

መጽሐፎቹን ልመልስ ስሄድ ሌላ ጭቃ ጨምሬባቸው ስለነበር አፍሬ ጠረጴዛው ፊት በእጅጌዬ መጥረግ ጀመርኩ። ጋሽ ማህተም እጄን ያዙኝ።

«ተይው፣ እሱ ነው ምስክሩ» አሉ። ከዚያ፣ «ሞከርሽው? ምን ሆነ?»

ነገርኳቸው። ቬንትሌተሩ ስንት ጊዜ ቋ እንዳለ አላውቅም፣ ከኋላዬ ሦስት ሰው ተሰልፎ ነበር፣ ማንም አላጉረመረመም፣ እንዲያውም አንዷ ሴትዮ ኖራውን በምን ልክ እንዳቀጠንኩት ጠየቀችኝ። ስጨርስ ጋሽ ማህተም ከጆሯቸው ላይ እርሳሷን አወረዱ። ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ ገለጡ። መጽሐፍ ላይ ጻፉ! በጥቃቅን፣ ወደ ጎን በተዘነበለች ጽሑፍ።

እብዱ ሰውዬ እሳቸው ናቸው። አስቡት፣ ስንት ዓመት ሙሉ፣ ማን እንደሞከረ፣ ምን እንደሆነ፣ የማን አካፋ አጭር እንደነበር እየጠየቁ፣ እየሰሙ፣ ለማያውቋት ለኔ እያስቀመጡልኝ። እኛ ደግሞ በማስቲካ እንቀልድባቸዋለን። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ልላቸው ፈልጌ ከአፌ የወጣው «ጽሑፉን በእጄ ሸፍኜ ነበር እኮ፣ ሰውዬውን እንዳያግዱት ብዬ» የሚል ነው። «አይቻለሁ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ስለዚህ አናጢው፣ ነርሷ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጡረተኛው፣ የትም ሁኑ፣ አመሰግናችኋለሁ፣ አካፋችሁ ይርዘም። ሎሚዋ አሁን ሃያ ሦስት ቅጠል አላት፣ አባዬ በሚቀጥለው ሲመጣ አንዷን ይቀነጥሳል። የሚያብለጨልጨውን መጽሐፍ ለላይብረሪው ሰጥቼዋለሁ፤ ቀዝቃዛ አገር ዘመድ ያላችሁ ውሰዱላቸው፣ እዚያ ጥሩ ነው መሰለኝ።

ጋሽ ማህተም ጽፈው ሲጨርሱ መጽሐፉን ወደኔ አዞሩልኝ። ከአባዬ አሻራ ሥር፦ «ተማሪዋ፣ የሹፌሩ ልጅ፦ ለሎሚ ብርድ ልብስ አለበሰች። ጠበቀች። ዳነች።» ከዚያ ከኋላዬ ለቆመችው ሴትዮ ሊያውሷት ማህተሙን አነሱና ጠረጴዛው እስኪዘል መቱት።